ለእናቴ የገዛሁት የሩዝ ማብሰያ

በጃፓኗ ኦሳካ ከተማ የነበረኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም በገበያ ሰፈሮቿ ስዞር ዋልኩ። ጠዋቱ ያለ ችግር አለፈ። ኩሮሞን ከሚባለው የምግብ ገበያ ገብቼ ከነቅርፊቱ የሚጠበስ ሸርጣን አየሁ፤ ዋጋውን ስሰማ ወጣሁ። የሺንሳይባሺ መንገድ ወደ 600 ሜትር ያህል ከላይ ጣሪያ ስላለው ዝናቡ አልነካኝም። ዶቶንቦሪ ቦይ ዳር፣ ከ1935 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እየታደሰ በቆየው የግሊኮ (የጣፋጭ ኩባንያ) ሯጭ ማስታወቂያ ፊት፣ እንደ ሁሉም ሰው እጄን ዘርግቼ ፎቶ ተነሣሁ።

ልቤ የቀረው ዶጉያሱጂ ላይ ነው፤ የወጥ ቤት ዕቃ ብቻ የሚሸጥበት ጠባብ መተላለፊያ። ምግብ ቤቶች በመስታወት የሚደረድሩት ሐሰተኛ ምግብም እዚያ ይሸጣል። አንድ ሳህን ፓስታ ላይ ሹካው ፓስታውን እንደጠቀለለ አየር ላይ ቆሟል፤ የያዘው እጅ የለም። እዚያው አንድ ጥሩ ቢላዋ ገዝቼ ወደ ሆቴሌ ብመለስ ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ።

እኔ ግን ለእናቴ የሩዝ ማብሰያ ካልገዛሁ ብዬ ወደ ኒፖንባሺ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሰፈር ወደሚባለው አቀናሁ። ከአንድ ትልቅ መደብር ሦስተኛ ፎቅ የ14,000 የን ማብሰያ መረጥኩ። ለጎብኚ ከ5,000 የን ጀምሮ አሥር በመቶው ግብር ይቀርለታል፤ 1,400 የን ልታተርፍ ነው ማለት ነው። ሻጩ ፓስፖርት ጠየቀኝ። ፓስፖርቴ ሆቴል ነው! ከመነሣቴ በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ይዘኸው አትዙር፣ ይጠፋብሃል» ብሎ መክሮኝ ነበር። በስልኬ ያለውን ፎቶ አሳየሁት። ሁለት ክንዶቹን ደረቱ ላይ አመሳቅሎ «አይሆንም» አለኝ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ተከራከርኩ። እንደገና አመሳቀለ፣ እንደገና ጎንበስ አለ። እጅ እየነሣ ከሚከለክል ሰው ጋር መጣላት እንዴት እንደሚቻል የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ለ1,400 የን ብዬ በምድር ባቡር ሆቴል ደርሼ ተመለስኩ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። ስመለስ ደሜ ፈልቷል። ሻጩ የመግቢያ ማኅተሙን ካየ በኋላ ሣጥኑን ገልብጦ ከሥሩ አንድ ጽሑፍ ጠቆመኝ፣ ቀጥሎም ጥግ ላይ ወዳለ ሌላ መደርደሪያ አመለከተኝ። እዚያ ያሉት ማብሰያዎች ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው። የመርካቶ ልጅ አይደለሁ? ውዱን ሊያሸክመኝ ነው ብዬ በእጄ «ይቅር፣ ይቅር» አልኩትና ከፍዬ ወጣሁ።

አዲስ አበባ ገብቼ በሶኬት መቀየሪያ ሰካሁት። እናቴ ሩዙን አጥባ ጨምራለች። አንዴ ጠቅ አለ፣ ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። የወሰድኩለት ጠጋኝ ሳይከፍተው «ከጃፓን ነው?» አለኝ። የጃፓን መብራት 100 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ቮልቱ ከእጥፍ ሲበልጥ ማሞቂያው የሚስበው ኃይል ወደ አምስት እጥፍ ይጠጋል። ያ ጥግ ላይ ያለው መደርደሪያ ለውጭ አገር መብራት የተሠሩት የተደረደሩበት ነበር። ሻጩ ሊያድነኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያላዳመጥኩት።

ስለዚህ የባልደረባዬን ምክር እርሱት። ጃፓን ውስጥ ጎብኚ ፓስፖርቱን ይዞ እንዲዞር ሕጉ ራሱ ያዛል፤ የደረት ኪስ ውስጥ ይግባ። የሶኬት መቀየሪያ የእግሩን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይለውጥም። ከዕቃው ሥር 100-240 የሚል ካለ ግዙ፤ የስልክና የኮምፒውተር ቻርጀር ብዙ ጊዜ እንዲያ ነው። 100 ብቻ ካለ፣ በተለይ ውኃ የሚያፈላ ወይም የሚያበስል ከሆነ፣ ተዉት። «ትራንስፎርመር ግዛበት» የሚሉ አሉ፤ ያን ለሚያህል ማሞቂያ የሚበቃው ትራንስፎርመር ከራሱ ከማብሰያው ይከብዳል።

እናቴ የውስጡን ድስት አውጥታ ምስር ትለቅምበታለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይህ ከጃፓን ነው» ትላለች፤ ክዳኑ የት እንደሄደ ግን አትናገርም።