ሳሎን፦ የአንድ መንደር ሻምፓኝ

ከታላላቆቹ ሻምፓኞች ሁሉ አብልጦ የሚማርከኝ ሳሎን ነው። አብዛኛው ሻምፓኝ የብዙ መንደሮችና የብዙ ዓመታት ወይን ተቀላቅሎ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ሳሎን ግን «ለ ሜኒል ሱር ኦዤ» በተባለች የፈረንሳይ መንደር፣ በነጭ የጠመኔ አፈር ላይ ከሚበቅል ሻርዶኔ ከተባለ ነጭ የወይን ፍሬ ብቻ፣ ያውም ከአንድ ዓመት ምርት ይሠራል። ምርቱ ያላማረበት ዓመት ይታለፋል፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በሙሉ የወጣው 37 ጊዜ ብቻ ነው። ይህን ጥብቅነት ከልቤ አከብረዋለሁ።

ወይኑ ከመጀመሪያው መብላላት በኋላ ከጥቂት ስኳርና እርሾ ጋር በጠርሙስ ይታሸጋል፤ እርሾው ስኳሩን ሲበላ የሚፈጠረው ጋዝ መውጫ ስለሚያጣ በወይኑ ውስጥ ይሟሟል፣ አረፋውም የሚገኘው ከዚሁ ነው። ሕጉ ለአንድ ዓመት ምርት ሻምፓኝ ቢያንስ 3 ዓመት ቆይታ ሲጠይቅ፣ ሳሎን በቀዝቃዛው ምድር ቤት ከእርሾው አተላ ጋር 10 ዓመት ገደማ ይከርማል።

በለጋነቱ እንደ ሎሚ ስለታም ነው፤ ሲያረጅ ግን የተጠበሰ ዳቦና የማር ጠረን እያወጣ ይለዝባል፣ ኮምጣጣነቱም ሳይጠፋ ጣዕሙን ደግፎ ይይዛል። እጅግ ቀዝቅዞ በጠባብ ብርጭቆ ከቀረበ ይህ ሁሉ ጠረን ስለሚታፈን፣ ሰፋ ባለ የወይን ብርጭቆ እንዲጠጣ አጥብቄ እመክራለሁ።