ለእማዬ አልጋ፣ ለእኔ አንድ ግራማፎን

እማዬ በመስከረም ልትመጣ ነው። ቪዛው ወጥቷል፣ ትኬቱ ተቆርጧል፣ አዲስ አበባ ጎረቤቶቿ ተሰብስበው በርበሬ ቅንጠሳ ላይ ናቸው። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያልተዘጋጀው ክፍሏ ብቻ ነው። ክፍሏ ውስጥ አሁን ዘጠኝ ግራማፎኖች ይኖራሉ።

ባለቤቴ አሥራ አንድ ናቸው ትላለች። ፈታትቼ በካርቶን ያስቀመጥኳቸውን ሁለቱንም ስለምትቆጥር ነው።

ፍርዱ የተሰጠው ባለፈው እሁድ ቡና ላይ ነው። «አንዷን ምረጥ። አንዷን ብቻ። ሳሎን ጥግ ላይ ትቀመጣለች፣ ሌሎቹን እንደፈለግክ አድርግ።» ሁለት ይሁንልኝ ብዬ ልከራከር አፌን ስከፍት ስኒውን አቀበለችኝ። ጠጣሁ። በቃ፣ አለቀ።

ማታ ልጄ ከተኛች በኋላ ወንበር ይዤ ገባሁና መሀላቸው ተቀመጥኩ። አሥራ ሁለት ዓመት የሰበሰብኳቸው ናቸው። አብዛኞቹ ሰው ሲሞት ልጆቹ የቤቱን ዕቃ ግቢ አውጥተው ከሚሸጡበት፣ ቅዳሜ በጠዋት ተነስቼ ሜሪላንድንና ፔንሲልቫኒያን እየዞርኩ ያገኘኋቸው። ክፍሉ የአሮጌ እንጨትና የግሪስ ሽታ አለው። ለእኔ ጥሩ ሽታ ነው፣ ለእማዬ ግን አይሆንም። ዕጣን ቢጨስበትም የሚለቅ አይመስለኝም።

በቀላሉ ልጀምር አልኩ።

በሩ አጠገብ ያለችው መጀመሪያ የገዛኋት ናት። የናስ ጥሩምባዋ እንደ ጽናጽል ያብረቀርቃል፣ ሳጥኗ ላይ ያ የድሮ ግራማፎን ምልክት የሆነው፣ ጥሩምባ የሚያዳምጠው ውሻ ተለጥፏል። የአንድ ወር የቤት ኪራይ የሚሆን ብር ከፍዬባታለሁ። ፎርጅድ ናት። ይህንን ያወቅኩት ከአንድ ዓመት በኋላ ታችዋን በካቻቪቴ ስከፍታት ነው፤ ሳጥኗ አዲስ ጣውላ፣ ሞተሯ ደግሞ ከአሮጌ የሻንጣ ግራማፎን የተነቀለ። እንዲህ ዓይነቱን ሕንድ ውስጥ እየገጣጠሙ በዓለም ሁሉ ሲሸጡት ኖረዋል። ባለቤቴ ግን እስከ ዛሬ ድረስ «ከሁሉም ይቺ ናት የምታምረው» ትላለች። የአጎቴ ልጅ ሬስቶራንት መስኮት ላይ ትቀመጥ ተባብለናል። እዚያ ማንም ታችዋን አይከፍታትም።

የኮሎምቢያ ኩባንያ ሥሪት የሆነችውም ብዙ አላስጨነቀችኝም። ጥሩምባውንና መርፌውን የሚያገናኘው ክንዷ ዚንክ ከበዛበት ርካሽ ቅይጥ የተሠራ ነው፣ ይህ ብረት ደግሞ በዕድሜ ብዛት ከውስጥ ያብጥና ይሰነጠቃል። ይታመማል ነው የምንለው። መድኃኒት የለውም። ለመለዋወጫ ትሄዳለች።

ከዚያ የኤዲሰን የሸክላ ማጫወቻ ቁም ሳጥን አለ። ቁም ሳጥን ስል የምሬን ነው፤ ወደዚህ ቤት ስናስገባው ሁለት ጎረምሶች ወገባቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ኤዲሰን ግትር ሰው ነበር። አብዛኛው ዓለም ሸክላ ላይ ድምፁን መርፌው ወደ ጎን እየተወዛወዘ እንዲያነበው አድርጎ ሲሠራ፣ እሱ ላይና ታች ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ። ሸክላው ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው፣ እንደ ሳህን ነው የሚከብደው፣ መርፌው አልማዝ፣ ፍጥነቱ በደቂቃ 80 ዙር፣ በሌላ ማሽን አይሠራ፣ የሌላውም በእሱ አይሠራ። እስከ እ.ኤ.አ. 1929 በዚህ አቋሙ ቆይቶ ድርጅቱ ሥራውን ዘጋው። ድምፁን ግን ማማት ነውር ነው። ከዘጠኙ ሁሉ የሚያምረው የሱ ነው። ግን የእማዬ አልጋ የሚገባው ልክ እሱ በቆመበት ነው።

ጥሩምባዋ ሳጥኗ ውስጥ የተደበቀባት የኤዲሰን አምበሮላና የሻንጣ ግራማፎኗ ለአንድ ወዳጄ ይሄዳሉ፣ እሱ ገና ባለቤቱ አልደረሰችበትም። እንዲሁ ጥሩምባቸው የተደበቀውን ሁለቱን ቪክትሮላዎች የሚገዛ አላጣም። እንግዲህ ቀሩ ሁለት።

አንደኛዋ የቪክተር ኩባንያ ሥሪት ናት፣ ባለ ኦክ ጥሩምባ። የእንጨት ጥሩምባ አይቶ የማያውቅ ሰው ሊገባው አይችልም። ቀጫጭን ጣውላ እንደ አበባ ቅጠል ጎብጦ፣ ተጣብቆ፣ ተወልውሎ፣ በመቶ ዓመቱ አንድ ስንጥቅ የለበትም። ሰው ቤቴ ሲመጣ በቀጥታ ወደ እሷ ነው የሚሄደው። ከዚያ ጥያቄው አንድ ነው፤ «በናትህ ጥላሁንን አጫውትልን!»

አይቻልም። መቶ ጊዜ አስረድቻለሁ። የድሮው ሸክላ ደረቅና ሻካራ ነው፣ ሆን ተብሎ መርፌውን እንዲሞርደው ነው የተሠራው፤ የሚበላው መርፌው ነው፣ ለዚህ ነው በእያንዳንዱ ገጽ መርፌ የሚቀየረው። የነጥላሁን ዘመን፣ በደቂቃ 45 የሚዞረው ሸክላ ግን ለስላሳ ፕላስቲክ ነው። እዚያ ላይ ከመቶ ግራም በላይ የሚመዝን ራስ በብረት መርፌ አስቀምጠህ ስታዞር ሙዚቃ ማጫወት አይባልም፣ እርሻ ነው።

ይህንን የማውቀው ስላረስኩ ነው። በጀመርኩበት ዓመት፣ እማዬ የአባዬን ዕቃ ስትበትን በሰው የላከችልኝን አንዲት ሸክላ ቪክተሯ ላይ አድርጌ ሞከርኩ። በደቂቃ 78 ስትዞር ዘፋኙ እንደ ሕፃን ልጅ ተንጫጫ፣ እኔም ብቻዬን ሳቅኩ። በማግሥቱ በዘመናዊ ማጫወቻ ሳስሞክራት ጥቁሩ ገጽ ግራጫ መስመር አውጥቷል፣ ከዘፈኑ የቀረው እንደ ጥብስ መጥበሻ ሽሽሽ ነው። እማዬ ይህንን አታውቅም። ስትመጣ «የአባትህ ሸክላስ?» ማለቷ አይቀርም።

ሁለተኛዋ ስታንዳርድ ናት፣ የኤዲሰን፣ ባለ ሲሊንደር። እንደ ልብስ ስፌት መኪና ክዳን ያላት ትንሽ የኦክ ሳጥን። ጥቁር ጥሩምባዋ ቀለሙ ተላልጧል። ሸክላ አታጫውትም፤ የምታጫውተው የመጠጥ ብርጭቆ የሚያህል ከሰም የተሠራ ቱቦ ነው፣ ሁለት ጣትህን ውስጡ አስገብተህ ወደ ውጭ ገፋ አድርገህ ነው የምትይዘው፣ ገጹን ከነካኸው ጥፋት ነው። ስገዛት ሞላዋ ውስጥ ያለው ግሪስ እንደ ሬንጅ ደርቆ ነበር። ላጸዳው ሳወጣው ሞላው ከእጄ አመለጠና አውራ ጣቴን ተለተለኝ፣ ጠባሳው እስካሁን አለ። ደርሳ የምትዘፍነው ሁለት ደቂቃ ነው። ብትሸጥም የቪክተሯን ዋጋ ሩብ እንኳ አታወጣም።

እሷን መረጥኩ።

ባለቤቴ ስነግራት ኮስተር ብላ «ያቺን ድስት?» አለች።

ምክንያቱን ለማስረዳት ብዙ ለፈለፍኩ፣ እዚህ ላሳጥረው። ቪክተሯ የምታውቀው መናገር ብቻ ነው። ስታንዳርዷ ትሰማለችም። ማጫወቻ ራሱን ነቅለህ መቅጃውን ታስገባለህ፣ ባዶ ሰም ትጨምራለህ፣ ጥሩምባው ውስጥ ትጮሃለህ፣ ድምፅህ ሰሙን እየቦረቦረ ይጻፋል። ኤሌክትሪክ የለ፣ ምን የለ። እ.ኤ.አ. በ1898 ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ በሲሊንደር መልእክት ስትልክ፣ እነሱም በዓመቱ በሲሊንደር ድምፃቸውን ሰጥተው ሲመልሱ፣ የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የእሷ ሲሊንደር ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ታዞ ስለነበር ጠፍቷል። የእነሱ ቀርቷል። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን በሌሊት ነበር፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ከዚያ ሁሉ ዝናብ መሳይ ጫጫታ ኋላ ሰው አለ፤ በሕይወት ያለ፣ አማርኛ የሚናገር ሰው። ከዚያ ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ዘፋኙ ተሰማ እሸቴ በርሊን ሄዶ ሸክላ ሲያስቀርጽ ግን ማሽኑ ያለው ኩባንያው ቤት ነው፣ ባለሙያው እዚያ፣ ፋብሪካው እዚያ። ሸክላ ገዝተህ የምታዳምጠው ነው እንጂ ቤትህ ቁጭ ብለህ የምትቀዳበት አይደለም።

«የእማዬን ድምፅ ልቀዳበት ነው» አልኳት።

«ስልክህ ላይ በየቀኑ ትልክልህ የለ እንዴ?»

ልክ ናት። ስልክ የቀየርኩ ጊዜ የአራት ዓመት የድምፅ መልእክት አብሮ እንደጠፋ ላነሳባት አሰብኩና ተውኩት፣ ምክንያቱም ሰም ከስልክ ይብሳል። ሙቀት ያጣምመዋል፣ ሻጋታ ይበላዋል፣ ባጫወትከው ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይሞታል። ከእጅህ ከወደቀ ደግሞ ወዲያው ነው የሚሞተው። ስለዚህ እሺ፣ ብልህነት አይደለም። ግን አምሮኛል።

ቪክተሯ ትናንት ሄደች። ገዢው ከዴላዌር የመጣ ጨዋ ሰው ነው፣ ጥሩምባዋን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ አሰራት። እኔ መኪናው እስኪታጠፍ በረንዳ ላይ ቆሜ እንደ ሞኝ እያየሁ ነበር። ገንዘቡ ለእማዬ አልጋና ፍራሽ ተርፎ በላይ በላዩ ነው።

ዛሬ ከልጄ ጋር ልምምድ አደረግን። አዲስ ሰም የሚሠሩ ጥቂት ሰዎች አሁንም አሉ፣ ከአንዱ አንድ ባዶ ሲሊንደር አስልኬ ነበር፤ ቡናማ፣ እንደ ሳሙና የሚያዳልጥ። ሞላውን እስከ ጫፍ ሞላሁ። ልጄን በርጩማ ላይ አቆምኳትና «አፍሽን ጥሩምባው ውስጥ አድርጊና ጩሂ፣ አትፍሪ» አልኳት። ጸጥ ብላ ጥሩምባውን አየችው። ከዚያ አንድ ጊዜ «አያቴ ቶሎ ነይ!» ብላ ጮኸችና ሳቅ ገደላት፣ ከመርፌው ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነ የሰም ክር እየተፈተለ ይወጣል፣ እሷ እሱን ለመያዝ እጇን ትዘረጋለች፣ እኔ «ተይ! ተይ!» እላለሁ።

ስናጫውተው ሽሽታ፣ ሽሽታ፣ ከዚያ «...ነይ!» ከዚያ ሳቋ፣ ሩቅ፣ ጉድጓድ ውስጥ ያለች ይመስል። ከሁሉ ጥርት ብሎ የተሰማው የእኔ «ተይ» ነው። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ነበር። ምንም አላለችም፤ ጨርቅ አምጥታ የሳጥኑን ክዳን መወልወል ጀመረች።

አሁን የቀረኝ ጭንቀት አንድ ነው። ሲሊንደሩ ሁለት ደቂቃ ነው። እማዬ ደግሞ እንዴት ከረምክ፣ ጤናህስ፣ ሥራስ፣ ብርዱስ እንዴት ነው፣ ልጅቷ አደገች፣ ያ ወገቡን የሚያመው ጎረቤታችሁ ተሻለው ወይ እያለች ገና የቤተሰቡን ሰላምታ ሳትጨርስ ሰሙ ያልቅባታል። ሌላ ሦስት አዝዣለሁ።