አንቀጽ 39 ሲነሳ የምንከራከረው ስለ ምንድን ነው?

ቡና ላይ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39፣ ማለትም የብሔሮች የራስን ዕድል በራስ የመወሰን እስከ መገንጠል መብት፣ ከተነሳ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ይደባለቃሉ። ሕጉ ምን ይላል? እስካሁን ምን አመጣ? መኖርስ አለበት ወይ? አንዱ ስለ ሦስተኛው ሲናገር ሌላው በመጀመሪያው ይመልስለታል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጨምረው ጩኸት ብቻ ነው።

የመጀመሪያው በንባብ ያልቃልና ከሱ ጀምሩ። ንኡስ አንቀጽ 4 እንደሚለው የብሔሩ ሕግ አውጪ ምክር ቤት የመገንጠል ጥያቄውን በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መቀበል አለበት። የፌዴራሉ መንግሥት ውሳኔው ከደረሰው ጊዜ ጀምሮ በ3 ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል፣ አብላጫው ድምፅ ይደግፈዋል፣ ሥልጣን ይተላለፋል፣ ንብረትም በሕግ ይከፈላል። «ኤርትራ በ39 ተገነጠለች» የሚል ሰው አይጠፋም። የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ የተካሄደው በሚያዝያ 1985 ነው፤ ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987። ሲዳማም ክልል የሆነው የራስን ክልል ስለመመሥረት በሚናገረው በአንቀጽ 47 ነው፤ የዚያኛው የሕዝበ ውሳኔ ቀነ ገደብ ደግሞ 1 ዓመት ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ይፈልጋል፤ በአንድ ስኒ ቡና አይጨረስም።

ሦስተኛው ላይ ነው ነገር የሚበላሸው። ከመመለሳችሁ በፊት የሰውዬውን ሐሳብ በራሳችሁ አፍ ተናገሩለትና «አዎ፣ ያልኩት ይሄንኑ ነው» እስኪል ጠብቁ። «እና አገር ይፍረስ ነው የምትለው?» ብሎ መጠየቅ ግን ክስ ነው፤ የተከሰሰ ሰው ደግሞ ይከላከላል እንጂ አያስረዳም። ደጋፊው ብዙ ጊዜ የሚለው «በሩ ክፍት ከሆነ በግድ የሚያኖረኝ የለም፤ በፈቃዴ እኖራለሁ» ነው። ተቃዋሚውም «ጨፍልቀን እንግዛ» አላለም፤ «በሩ ክፍት ሲሆን የበጀትም የወሰንም ጭቅጭቅ የመውጣት ዛቻ ይሆናል» ነው ያለው። እንዲህ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነቱ ይጠባል፦ የትኛው አደጋ ይብሳል? በዚህ ላይ እንኳ መነጋገር ይቻላል።

ከበላ ልበልሃ ዘመን ጀምሮ ተናግሮ የረታ ሰው ይደነቅልናል። ለችሎት ደግ ነበር፤ ዳኛ ነበረው። የቡና ጠረጴዛ ዳኛ የለውም።

ለነገሩ «ይሰረዝ» ለሚለውም ቢሆን መርታት አይበቃውም። አንቀጹ ያለው በምዕራፍ ሦስት ስለሆነ፣ በአንቀጽ 105 መሠረት የሚሻሻለው ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በአብላጫ ድምፅ፣ የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶችም እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያጸድቁት ነው። አንድ ክልል እምቢ ካለ ባለበት ይቆማል።