በረንዳዬን በፈራሽ እቃ ስሰራ ማንም ያላስጠነቀቀኝ ነገር

በአሮጌ እቃ በረንዳውን ለማሳመር ያሰበ ሰው ካለ እቃ መግዛት ከመጀመሩ በፊት ይሄን ያንብብልኝ። እኔ ከመጀመሬ በፊት ስለ ጎማ ወንበር፣ ስለ ፓሌት ሶፋ፣ ስለ ቀለም ምናምን ያላየሁት ቪዲዮ የለም፤ ስለ እቃው ደረሰኝና የሽያጭ ወረቀት ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ያንከራተተኝ፣ እስካሁን ሳስበው ደሜን የሚያፈላው ደግሞ እሱ ነው።

ቤቱ አየር ጤና አካባቢ ያለ የእናቴ ቤት ነው። በረንዳው ረጅምና ጠባብ፣ ወለሉ ሊሾ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ከሰአት ፀሀዩ ይጠብሳል፣ ክረምት ሲሆን ወጨፎው እስከ በሩ ይገባል። እናቴ ቡና የምታፈላው እዛ ነው፣ ጎረቤት የሚሰበሰበውም እዛው፣ ግን ለአመታት የባዶ ጀሪካንና የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ሆኖ ነው የኖረው። የአዲስ በረንዳ ወንበርና ጠረጴዛ ዋጋ ጠይቄ ነበር፣ በዛ ብር የጣሪያው ቆርቆሮ ይቀየራል፣ ስለዚህ ተውኩት። ደግሞ የድሮ እቃ ነፍሴ ነው፣ አዲስ ቢሰጠኝም አሮጌውን ነው የምመርጠው።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። የሰፈራችንን ቆራሌው “ወንድሜ፣ የልብስ ስፌት መኪና እግር ካገኘህ ለማንም እንዳትሰጥብኝ” ብዬው የሲንጀር እግር አመጣልኝ፣ ላዩ ላይ የድሮ በር ሳንቃ አሰርኩበት፣ ጠረጴዛ ሆነ። ቆራሌው ብረቱን የሚያስረክበው በኪሎ ስለሆነ ከዛ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ከከፈላችሁት ያላችሁትን ፈልጎ ያመጣላችኋል፣ ከሱቅ ሁሉ እሱ ይሻላል። እናቴ ጠላ ትጠምቅበት የነበረ አንገቱ ጋ የተሰነጠቀ ጋን ነበር፣ ታቹን በስቼ ጠጅ ሳር ተከልኩበት፤ ሸክላ ስለሆነ ውሀ ያስተነፍሳል፣ ስር አያበሰብስም፣ ከፕላስቲክ እጅግ ይበልጣል። የሻይ ትሪ የሚያስቀምጥ መደርደሪያ መርካቶ ምናለሽ ተራ ከበርሜል ላሜራ አስቀጥቅጬ አሰራሁ። የበርሜል ስራ ስታሰሩ ግን በርሜሉ ምን ይዞ እንደነበር ጠይቁ፣ ቤንዚን የነበረበት በርሜል ባዶ ነው ብለው በግራይንደር ሲቆርጡት በውስጡ በቀረው ትነት ሊፈነዳ ይችላል፣ የኬሚካል በርሜል ደግሞ በሶብላና ጤና አዳም ለሚተከልበት ነገር በፍፁም አይሆንም። የጎማ ወንበር አልሰራሁም፣ እናንተም ባትሰሩ ይሻላል፤ ዝናብ ሲገባበት ውሀ አቁሮ ትንኝ ያራባል፣ ፀሀይ ሲመታው ይሸታል።

አሁን ወደ ዋናው።

በረንዳው ፊት ለፊት መከታ አልነበረውም፣ የወንድሜ ልጆች ሲሮጡ እንዳይወድቁ ስንጨነቅ ነው የኖርነው። ፒያሳ በ2016 መፍረስ ከጀመረ በኋላ የድሮ ቤት በር፣ መስኮት፣ ማገር፣ ቆርቆሮ መርካቶ በብዛት መግባቱን እሰማ ነበር። የፒያሳን የድሮ ቤቶች የሚያውቅ ያውቃል፣ በሚኒሊክ ዘመንና ከዛ በኋላ ህንዶችና አርመኖች እጃቸውን ያሳረፉባቸው ፎቃቸው ላይ ዙሪያውን የእንጨት በረንዳ ያላቸው ቤቶች ነበሩ። ሲፈርሱ ሆዴ ተላውሷል። ታዲያ አንድ ፈራሽ ነጋዴ ጋ የእንደዛ አይነት በረንዳ መከታ ሁለት ቁራጭ ከነዘንጎቹ ግድግዳ ተደግፎ አገኘሁ። በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው የፅድ ሽታ መጣ። ፅድ ምስጥ አይደፍረውም፣ ይሄን ያህል ዘመን ቆሞም መሀሉ ጤነኛ ነበር። ከሱ ጋር አንድ የብረት ፍርግርግ መስኮትም ወሰድኩ፣ ተከራከርን፣ ተስማማን፣ ከፈልኩ፣ የጭነት ፒካፕ ተከራይቼ ጫንን።

መንገድ ላይ ፖሊሶች አስቆሙን። ይሄ ብረትና እንጨት ከየት ነው የመጣው፣ ደረሰኝ አምጡ። ከመርካቶ ገዝቼ ነው አልኩ። “ደረሰኝ የሌለው ንብረት የተሰረቀ ነው” አለኝ አንዱ፣ በዚህ ቃል። ወንድሜ፣ ምናለሽ ተራ ማነው ደረሰኝ የሚቆርጠው? እሱም ያውቃል እኮ። ብረት ይሰረቃል፣ የቱቦ ክዳን ይሰረቃል፣ ኬብል ይቆረጣል፣ ቁጥጥሩ ለምን እንደመጣ ይገባኛል፣ አልቃወምም። ግን ዘንግ ያለው የበረንዳ መከታ ከየትኛው መብራት ፖል ነው የሚሰረቀው? ሻጩ ጋ ልደውል ስል “ስልክ አስቀምጪ” ተባልኩ፣ ፒካፑ ከነሾፌሩ ጣቢያ ገባ። ሾፌሩ ያንን ቀን ሙሉ ስራ ፈቶ ዋለ፣ ምንም ያላጠፋ ሰው ነው፣ የቀን ገቢውን እኔ ከፈልኩት እንጂ ማንም ይቅርታ አላለውም።

እቃው ጣቢያው ግቢ ውስጥ ተራገፈ። ከዛ መመላለስ ተጀመረ። አንዱ መርማሪውን ጠብቂ ይላል፣ መርማሪው ወረዳ ሄደሽ ደብዳቤ አምጪ ይላል፣ ወረዳ ስሄድ እኛ የሸጥነው ነገር ስለሌለ ደብዳቤ አንፅፍም፣ ጣቢያው ራሱ በደብዳቤ ይጠይቀን ይላሉ፣ ጣቢያ ስመለስ ሀላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ነገ ነይ። ነገ የማይደርስ ነገር ነው እዛ ቤት። ሀምሌ ነው ደግሞ፣ ዝናቡ እላዬ ላይ እየወረደ፣ መከታው ሜዳ ላይ ተዘርግቶ፣ ቢያንስ ላስቲክ ላልብሰው ብዬ ለመንኩ፣ “ኤግዚቢት አይነካም” ተባልኩ። ኤግዚቢት! የወንጀል ማስረጃ መሆኑ ነው እንግዲህ። በየቀኑ በሄድኩ ቁጥር እላዩ ላይ ሌላ ነገር ተጭኖበት አገኘዋለሁ፣ አንድ ቀን የተበላሸ ሞተር ሳይክል አስደግፈውበት ነበር።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንደከረረ የነገሩኝ እዛው የማይሰለቹ አንድ ሽማግሌ ባለጉዳይ ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው። “የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ ከቀበሌ ቤት የወጣ ከሆነ የመንግስት ንብረት ነው፣ እሱን ነው የሚፈልጉት” አሉኝ። ያኔ ነው የበራልኝ። በሀምሌ 1967 በአዋጅ 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ የፒያሳ የድሮ ቤቶች ስንቶቹ የመንግስት ሆነው የቀበሌ ቤት ተብለው ኖረዋል። ስለዚህ ሲፈርሱ እንጨቱም ብረቱም የመንግስት ነው፣ በጨረታ ካልተሸጠ ማንም አንስቶ ሊሸጠው አይችልም። በጨረታ የገዛ ነጋዴ ደግሞ የከፈለበት ሞዴል 64፣ ማለትም መንግስት ገንዘብ ሲቀበል የሚቆርጠው ደረሰኝ፣ እጁ ላይ ይኖራል። ያንን ነበር የፈለጉት። ይሄን አንድ አረፍተ ነገር በመጀመሪያው ቀን የሚነግረኝ ባለደመወዝ ጠፋ? ስራቸው አይደለም እንዴ? ሁሉም “ደረሰኝ” ሲል የሱቅ ደረሰኝ የሚል ነው የሚመስለኝ፣ እነሱም አላብራሩም፣ አንዳንዶቹ እንደውም ራሳቸውም የሚያውቁት አይመስለኝም።

ለሻጩ ሄጄ ስነግረው ሳጥኑን ከፍቶ ሞዴል 64ቱን አወጣ። ነበረው! እዛው የሻጩ ሳጥን ውስጥ! ኮፒ አድርጎ፣ ሱቁን ዘግቶ አብሮኝ መጣ፣ ባለውለታዬ ነው። ደረሰኙን ሲያዩ ነገሩ በደቂቃዎች አለቀ። ከዛ “እቃዬን በመልካም ሁኔታ ተረክቤያለሁ” ብለሽ ፈርሚ ተባልኩ። ከአንዱ ቁራጭ ዘንጎች ተሰብረዋል፣ የላይኛው ጣውላ ተጣሟል፣ እንዴት ነው በመልካም ሁኔታ የምለው? አልፈርምም አልኩ። ቁጣ ሆነ፣ ውሰጂው አትውሰጂው ተባባልን፣ በመጨረሻ በራሴ እጅ “ዘንጎቹ በጣቢያው ግቢ ተሰብረው” ብዬ ፅፌ ነው የፈረምኩት። ካሳ አላገኘሁም፣ ግን የፃፍኩት እዛ ፋይል ውስጥ አለ፣ በሱ እኮራለሁ።

ስለዚህ ምክሬ። “ያለ ደረሰኝ አትግዙ” የሚለውን ሁሉም ሰው ሲያወራ ትሰማላችሁ። እኔ አልስማማም፣ የቫት ደረሰኝ ከጠበቃችሁ አሮጌ እቃ በህይወታችሁ አትገዙም። ይልቅ ፈራሽ ስትገዙ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ዋጋ አይሁን፣ “ከቀበሌ ቤት ነው ከግል ቤት?” በሉ። ከቀበሌ ከሆነ የሞዴል 64 ኮፒ ሳይዛችሁ አትጫኑ፣ ሻጩ ነገ አመጣለሁ ካለ ነገ ግዙ። ከግል ከሆነ በእጅ የተፃፈ የሽያጭ ወረቀት ይሁን፣ መታወቂያው ላይ ያለው ሙሉ ስም፣ የእቃው አይነትና ልክ፣ ዋጋ፣ ቀን፣ ሁለት ምስክር። እቃው ሻጩ ቤት እንዳለ ከነሻጩ ፎቶ አንሱ። ብረቱንና እንጨቱን ለየብቻ ፃፉ፣ “ልዩ ልዩ አሮጌ እቃ” የሚል ወረቀት ለክርክር ነው የሚዳርጋችሁ። ሾፌሩም አንድ ኮፒ ይያዝ። አንድ ሰው ይሄ ሁሉ ለአሮጌ እንጨት ነው ወይ ይለኛል፤ አዎ ለአሮጌ እንጨት ነው፣ እንደዛ አይነት መከታ አሁን የሚሰራ የለም።

ቤት ከደረሰ በኋላ ያለው ስራ ከዛ ሲነፃፀር እረፍት ነው። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ፣ የድሮ ዘይት ቀለም ያለበትን እንጨት በደረቁ እንዳትፍቁ። የድሮ ቀለም ውስጥ ሊድ የሚባል መርዝ ሊኖር ይችላል፣ እዚህ አገር ሊድን በ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) የገደበው ደንብ የወጣው እንደ ፈረንጆቹ በ2018 ነው፣ የፒያሳ በረንዳ ቀለም ከዛ በፊት ስንት ጊዜ ተደራርቦ እንደተቀባ አስቡት። አቧራው ለህፃናት አእምሮ አደገኛ ነው። ልጆቹን ከቤት አርቄ፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ እያረጠብኩ በብርጭቆ ወረቀት ነው የፋቅኩት፣ ፍቅፋቂውን በላስቲክ ሰብስቤ ጣልኩ። ቀለም የነካ ፈራሽ እንጨት ለቡና ማገዶ የምታደርጉ ደግሞ በእናታችሁ ተዉ፣ ጭሱን የምትተነፍሱት እናንተ ናችሁ።

አናጢው “የተቃጠለ ዘይት ቀቢው፣ ምስጥ አይነካውም” አለኝ። ለአጥር እንጨት ይሁን፣ ሰው ነጠላ ለብሶ ለሚደገፍበት በረንዳ አይሆንም፣ ልብስ ያበላሻል፣ ፀሀይ ሲሞቀው ይሸታል። ፅድ ደግሞ ከምስጥ ይልቅ ጠላቱ ፀሀይና ወጨፎ ነው፣ የውጪ ቫርኒሽ በስሱ እየደረቀ ደጋግሞ መቀባት ይበቃዋል። ክረምት ላይ አትቀቡት፣ እርጥበቱ ውስጥ ታፍኖ ቫርኒሹ ይላጣል፣ እኔ ግድግዳ አስደግፌ እስከ ጥቅምት አስጠበቅኩት። የተሰበሩትን ዘንጎች ቶርኖ ቤት ወስጄ፣ ፅድ ስላጣሁ፣ በዋንዛ አስወጣሁ። ቀለማቸው ፈዘዝ ይላል፣ ይታያሉ፣ ልቀባባቸው አልፈለግኩም።

መከታውን ሊሾው ላይ ስታስሩ እንጨቱ ሲሚንቶ እንዳይነካ ከታች የብረት እግር አስበይዱለት፣ ውሀ የሚይዘው እዛ ጋ ነው። በያጁ አያስፈልግም ቢላችሁም አትስሙት።