ዝናቡ ሳይከብድ ቤት ማቅለል፦ ለሀዋሳ ቤቶች

ዕቃ መለየት ከመጀመራችሁ በፊት የሚወጣውን ዕቃ ማን እንደሚወስደው ወስኑ። ይህ ሳይታወቅ ጠዋት ከአልጋ ሥር የተጎተተው ሁሉ ማታ እዚያው ይመለሳል። ብረታ ብረት፣ ጠርሙስና የተሰበረ ፕላስቲክ የቁራሌው ነው። አሮጌ ልብስና ጫማ ልዋጭ ይወስደዋል፤ ግን በምትኩ የሚሰጠው ሳፋና ሳህን ቤቱን መልሶ ይሞላዋልና ከተቻለ በብር ተስማሙ። ደህናውን አጥባችሁ ለሚለብሰው ሰው በዚያው ሳምንት አድርሱ። «ለዘመድ እልከዋለሁ» ተብሎ በማዳበሪያ የታሰረ ልብስ ጓዳ ውስጥ ይከርማል።

ቤቱን በሙሉ በአንድ ቀን አትገልብጡ። በሁለት ሰዓት የሚያልቅ አንድ ቦታ ያዙ፤ አልጋ ሥር ጥሩ መጀመሪያ ነው። ፎቶ መጨረሻ ይምጣ፣ እሱ ከተዘረጋ ሥራው ይቆማል። የሌላ ሰው ዕቃ ላይም አትወስኑ፤ የእማማን ሳጥን ያለ እሳቸው መክፈት ቤት ያጣላል። ለመወሰን ያስቸገረው ዕቃ ካርቶን ውስጥ ይግባ፣ በመካከሉ ሰነድ አለመኖሩ ይታይ፣ በፕላስተር ታሽጎ ቀን ይጻፍበት። 6 ወር ሙሉ ማንም ካልፈለገው ሳይከፈት ይሂድ። መደርደሪያ መግዛት ካስፈለገ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ቀድሞ የተገዛ መደርደሪያ የሚይዘው መውጣት የነበረበትን ዕቃ ነው።

የሀዋሳ ክረምት የሚፈትነው ቁምሳጥኑን ነው፣ ሃይቅ ዳር አካባቢ ደግሞ ይብሳል። እርጥበት የያዘው የቤት አየር ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ያልበዋል፤ ቁምሳጥኑ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ አየር አይዞርም፣ ጀርባው ይሻግታል። ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ፈቀቅ አድርጉት፣ ከእግሩ ሥርም ጣውላ አስገቡ። ውስጡን አትጠቅጥቁት። ፀሐይ ሲወጣ በሩ ተከፍቶ ይዋል።

ለጋቢና ለነጠላ ናፍታሊን መጨመር የተለመደ ነው፣ ግን አያስፈልግም። ብል የሚበላው ሱፍ፣ ጠጉርና ሐር ነው፤ ንጹሕ ጥጥ አይበላም። ጥጥን የሚያበላሸው እርጥበት፣ ላብና የወጥ ጠብታ ነው። አጥባችሁ፣ እስከ ጥለቱ ድረስ አድርቃችሁ፣ የፀሐዩ ሙቀት ሲበርድለት በነጭ ጨርቅ ጠቅልሉት። ፌስታል የቀረውን እርጥበት ያፍናል። የሕፃን ልብስ አጠገብ ግን ናፍታሊን በፍጹም አይቀመጥ፤ ጂ-ሲክስ-ፒዲ የተባለው ኢንዛይም ያነሳቸው ሕፃናት ላይ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል፣ ዓይንና ቆዳን ቢጫ የሚያደርግ ከባድ ሕመምም ያመጣል።

ማድቤት ውስጥ ብዙ ቦታ የሚይዘው ጀሪካን ነው። ቁጥሩን በስሌት ወስኑ፦ ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ቢታሰብ፣ አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን 5 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይጨርሳል። በሰፈራችሁ ውሃ ለሦስት ቀን የሚጠፋ ከሆነ 15 ይበቃል፤ ሮቶ ካለ ደግሞ ከዚያ በታች። ክዳን የሌለው፣ የሚያፈስና ኬሚካል የነበረበት ይወገድ። ኬሚካል የያዘ ጀሪካን ምንም ቢታጠብ ለመጠጥ ውሃ አይሆንም፤ ቁራሌው ከመውሰዱ በፊትም ብሱት፣ ሌላ ሰው ውሃ እንዳይቀዳበት።

ከወፍጮ የመጣ ዱቄት ትኩስ ሳለ አይከደን። እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ውሃ ሆኖ ይመለሳል፣ ዱቄቱም ይሻግታል። ሰፊ ሳፋ ላይ ዘርግታችሁ ሲቀዘቅዝ በደረቅ ባልዲ ግጥም አድርጋችሁ ክደኑ። አዲሱን በአሮጌው ላይ አትጨምሩ፤ አሮጌው ነቀዝ ካለው ሁሉም ይያዛል። ጆንያ መሬት አይንካ፣ ከ10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ርብራብ ላይ ይቀመጥ።

የቤት ካርታ፣ የልደት ሰርተፍኬትና የክትባት ካርድ በአንድ ፕላስቲክ ፋይል፣ ከፍ ያለ ቦታ።

ከቤት የወጣው ዕቃ ግቢ ውስጥ እንዳይቀር ተጠንቀቁ። አሮጌ ጎማ፣ የተቆረጠ ጀሪካንና ቆርቆሮ ዝናብ ያቁራሉ፣ ቢምቢም ይራባባቸዋል። በሙቀት ጊዜ ከእንቁላል እስከ በራሪ ቢምቢ ለመድረስ ከሳምንት ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ስለዚህ ውሃ የሚይዝ ነገር ሁሉ በየሳምንቱ ይደፋ፣ የውሃ በርሜልም ተፈግፍጎ ይታጠብና ይከደን። ለአበባ መትከያ የቀረ ጎማ ካለ ሥሩን በሁለት ሦስት ቦታ ብሱት።