ያቺ የእኩል ይሆናል ምልክት

ሲስተር ቢሮዬ መጥታ አታውቅም ነበር። ማጨስ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎችን የምትከታተለው እሷ ናት። ክፍሏ ምድር ቤት ነው፣ የእኛ የሕዝብ ግንኙነት ቢሮ ደግሞ ላይኛው ፎቅ። ከስብሰባ ውጭ ተገናኝተን አናውቅም። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ሳታንኳኳ ገባችና ስልኳን ከፍታ አፍንጫዬ ሥር አስቀመጠችው።

«ይቺን የሠራሃት አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኳት፤ ልታመሰግነኝ የመጣች መስሎኝ።

ፖስተሯ ለሁለት የተከፈለች ናት። በግራ በኩል ጫፉ የሚጨስ ሲጋራ፣ በቀኝ በኩል ሹካ ላይ የተሰካ ቋሊማ፣ በመካከላቸው ወፍራም የእኩል ይሆናል ምልክት። ከላይ በቀይ «የዓለም ጤና ድርጅት፦ ሁለቱም አንድ ምድብ ናቸው!» ይላል። ከታች የሆስፒታላችን ዓርማ አለ። ቃለ አጋኖዋ መጀመሪያ ሁለት ነበረች፤ አንዷን ሰርዤ ጥንቃቄ ያደረግሁ መስሎኝ ነበር።

ወሬው ትኩስ ነበር። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 26 ቀን 2015፣ መቀመጫው ፈረንሳይ ሊዮን የሆነውና የዓለም ጤና ድርጅት አካል የሆነው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ መግለጫ አወጣ። ከ10 አገሮች የተውጣጡ 22 ባለሙያዎች ከ800 በላይ ጥናቶችን መርምረው እንደ ቋሊማ ያለውን የተቀነባበረ ሥጋ ምድብ 1፣ ማለትም በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ብለውታል። ትምባሆም ያለው እዚያው ምድብ 1 ውስጥ ነው። መግለጫውን እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። እስካሁን የሚከነክነኝም ይኸው ነው፤ የጻፍኩት እያንዳንዱ ቃል ለብቻው ሲታይ እውነት ነበር። ውሸቱ ያለው እዚያች ምልክት ላይ ነው፤ ምልክት ደግሞ አርታኢ አያርመውም።

ሼሩ ጉድ ነበር። እስከዚያ ቀን የለጠፍነው ሁሉ ተደምሮ ያን ያህል ሰው ጋ አልደረሰም። አለቃዬ ሁለተኛውን ፖስተር ቶሎ እንድጨርስ እየወተወተኝ ነበር።

ሲስተር ወንበር ስባ ተቀመጠች። አንድ የምትከታተለው ሰው ሲጋራ ካቆመ 41 ቀኑ ነበር። ቀኑን የሚቆጥሩት አብረው ነው። ትናንት ከሰዓት መጣና ፖስተሯን አሳያት። «ሲስተር፣ እኔ ቋሊማ ስበላ ነው የኖርኩት። ሁለቱም አንድ ከሆኑ ምን አደከመኝ?» አላት። ከዚያ ፓኮውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠው። ከመሃሉ ሦስት ፍሬ ጎድሎ ነበር።

«አልደበቀኝም እኮ» አለችኝ። «ድሮ ሲያጨስ ይደብቀኝ ነበር። አሁን ግን የሆስፒታሉን ወረቀት ይዞ ነው የመጣው።»

የምመልሰው ስላጣሁ የካንሰር ሐኪማችን ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ዶክተሩ ፖስተሯን ትንሽ አይተው መነጽራቸውን አወለቁ። «ምድቡ የሚነግርህ እኛ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆንን ነው፤ ነገሩ ምን ያህል እንደሚጎዳ አይነግርህም» አሉ። «ድመት እንደምትቧጭር እርግጠኛ ነኝ። አንበሳ እንደሚሰብርም እርግጠኛ ነኝ። እርግጠኝነቴ እኩል ነው። ቁስሉስ?»

ኮምፒውተራቸው ላይ ኤጀንሲው ከመግለጫው ጋር ያወጣውን ጥያቄና መልስ ከፈቱልኝ። ብዙ የተቀነባበረ ሥጋ ከመብላት ጋር የሚያያዘው የካንሰር ሞት በዓለም ላይ በዓመት 34 ሺህ ገደማ እንደሚገመት፣ በትምባሆ ሳቢያ የሚመጣው የካንሰር ሞት ግን 1 ሚሊዮን ገደማ እንደሆነ እዚያው ተጽፏል። ማንም አልደበቀውም። መግለጫው ይበቃኛል ብዬ ያልከፈትኩት እኔ ነኝ።

እፍረቴ ሳይበርድ ሁለተኛውን ፖስተር አወጣሁ። «በየቀኑ 50 ግራም = 18 በመቶ ተጨማሪ ካንሰር» ይላል። ሲስተር ቀድማ አየችውና፣ «ከመቶ ሰው አሥራ ስምንቱ?» ብላ ደነገጠች። የሃያ ዓመት ነርስ ናት። እሷ እንዲህ ካነበበችው ሌላው ሰው እንዴት እንደሚያነበው አስቡት።

ዶክተሩ ወረቀት ስበው ጻፉ። ብሪታንያ ውስጥ ከ1,000 ሰው 61 ያህሉ በዕድሜ ዘመናቸው የአንጀት ካንሰር ይይዛቸዋል። የተቀነባበረ ሥጋ በጣም ጥቂት ከሚበሉት መካከል ቁጥሩ 56 ገደማ ነው፤ በጣም ብዙ ከሚበሉት መካከል 66 ገደማ። ከሺህ ሰው የ10 ሰው ልዩነት ነው። አስፈሪው 18 በመቶ ቀድሞ በነበረው የአንጀት ካንሰር ዕድል ላይ የሚጨመር እንጂ ከመቶ ሰው 18ቱ ማለት አይደለም። በአንጻሩ ማጨስ በሳንባ ካንሰር የመያዝን ዕድል ከ15 እስከ 30 እጥፍ ያደርሰዋል። «ደግሞ ምንም አይደለም ብለህ እንዳትለጥፍ!» አሉኝ ስወጣ። «በአገር ሕዝብ ስታባዛው አሥር ሰው ብዙ ሰው ነው።»

በር ላይ ቆመው አንድ ነገር ጨመሩልኝ። እ.ኤ.አ. በ1995 የብሪታንያ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ አንዳንድ የወሊድ መከላከያ እንክብሎች የደም መርጋትን በእጥፍ ያሳድጋሉ ብሎ አስጠነቀቀ። እጥፍ የተባለው ከ7,000 ሴት በአንዷ ላይ ይደርስ የነበረው በሁለቱ ላይ መድረሱ ነው። ብዙ ሴቶች ደንግጠው እንክብሉን ተዉት፤ በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ 13 ሺህ ያህል ተጨማሪ ውርጃ እንደተፈጸመ ተገመተ። ያኔ ፌስቡክ እንኳ አልተፈጠረም።

ፖስተሯን አነሳኋት። ማብራሪያም ጻፍኩ፤ ረጅም፣ ሥዕል የሌለው፣ «ማብራሪያ» የሚል ርዕስ ያለው። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ኦክቶበር 29 ቀን፣ ሥጋውን ጨርሳችሁ ተዉ አላልንም የሚል መግለጫ ለማውጣት ተገዶ ነበርና ከዚያም ጠቀስኩ። የሥራ ባልደረቦቼ ላይክ አደረጉልኝ። በቃ፣ ያ ነው። ፖስተሯ ግን ያኔ ከእጄ ወጥታ ነበር። ሰው ስክሪንሾት ያነሳታል፣ ቆርጦ ለሌላው ይልካታል። ከሥሯ የጻፍኩት ጽሑፍና ሊንኩ ፌስቡክ ላይ ቀርተው ሥዕሏ ብቻዋን ትሄዳለች።

ከዚያ በኋላ ቁጥር ሥዕሉ ላይ ሳሰፍር ከስንት ወደ ስንት እንደሆነ አብሬ እጽፋለሁ። አይጥ ላይ የተሠራ ጥናት ከሆነ አይጧ ርዕሱ ውስጥ ትገባለች፤ አለቃዬ «ማን ያነበዋል?» ይለኛል፤ ልክ ነው፣ የሚያነበው ሰው ይቀንሳል። ከመለጠፌ በፊት ደግሞ ምድር ቤት እወርዳለሁ። ሲስተር ጮክ ብላ ታነበውና የገባትን በራሷ ቃል ትነግረኛለች። ግማሹን ጊዜ እኔ ልል ያሰብኩት አይደለም፤ እመለስና እንደገና እጽፋለሁ። ሰውየው ከወራት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ አንድ ብለው መቁጠር ጀመሩ።

ባለፈው ዓመት አጎቴ የቤተሰብ ግሩፓችን ላይ ፖስተሯን ላካት። ቀዩ ደብዝዟል፤ ከብዛት ዝውውር ምስሏ ተበላሽቷል፤ የእኩል ይሆናል ምልክቷ ግን እንደ ወፈረች ናት። «ሳትውሉ ሳታድሩ ለሌላው አስተላልፉ» የሚል ጨምሮበታል። የእኔ ሥራ መሆኗን ለመናገር ድፍረቱ አልነበረኝም። «ጋሼ፣ ይቺ እኮ የተሳሳተች ናት» ብዬ ጻፍኩለት።

ወዲያው መለሰልኝ፦ «ዓርማውን አታይም እንዴ? ሆስፒታሉ ራሱ ያወጣውን ነው የምታርመው?»