ለቻይና ሠርግ የተጠራ የውጭ ዜጋ ከቀዩ ፖስታ በፊት ማደሪያውን ያስብ

ቻይና የሚኖር ሐበሻ ለሠርግ ሲጠራ፣ ቀድመውት ከመጡ ወገኖቹ የሚሰማው ምክር ሁሉ ስለ ስጦታው ነው። ገንዘቡ በቀይ ፖስታ ይሁን፣ ኖቶቹ አዳዲስ ይሁኑ፣ ድምሩ ተጋማሽ ቁጥር ይሁን፣ አራት ቁጥር አይግባበት፣ ስድስትና ስምንት ግን ይወደዳሉ፣ ነጭ ልብስም እንዳትለብስ ይሉታል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከእነዚህ አንዱን ቢስት የቤቱ ሰዎች እንግዳነቱን አይተው ያልፉለታል። እኔን ያስመረረኝ ማንም ያላነሣልኝ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርሱም ከትልቅ ከተማ ወጥቶ በገጠር ወረዳ አንዲት ሌሊት የት ይታደራል የሚለው ነው።

የምማረው ዉሃን ከተማ ነው። ሙሽራው በአንድ ቤተ ሙከራ አብሮኝ የሚሠራ የሁናን ግዛት ልጅ ሲሆን፣ ከሚዜዎቹ አንዱ እንድሆን ጠየቀኝ። ጥንዶቹ በሕግ ከተጋቡ ወራት አልፈዋቸው ነበር፤ በቻይና የጋብቻው የምስክር ወረቀት ከመንግሥት መዝጋቢ ቢሮ ይወሰዳል፣ ድግሱ ግን ቤተሰብ በመረጠው መልካም ቀን ይደረጋል፣ ዘመድ ተጋቡ የሚለውም ድግሱን ከበላ በኋላ ነው። ቀኑ የዋለው ከጥቅምት 1 ቀን (እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር) በሚጀምረው የብሔራዊ በዓል ሳምንት ነው። በዚያ ሳምንት በከተማ የሚሠራው ሁሉ ወደ ትውልድ ቀዬው ስለሚመለስ ሠርግ ይበዛል። የባቡር ቲኬት ሽያጭ የሚከፈተው ከጉዞው 15 ቀን በፊት ነው፤ በተከፈተበት ሰዓት በፓስፖርት ቁጥሬ ገዛሁ። ለዩኒቨርሲቲው የፈቃድ ቅጽ ሞላሁ። በፈጣን ባቡር እስከ ቻንግሻ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ወረዳዋ ደረስኩ።

ሙሽራው በወረዳዋ ከተማ ሆቴል ይዞልኝ ነበር። እንግዳ ተቀባይዋ ፓስፖርቴን እንዳየች የውጭ ዜጋ አንቀበልም አለች። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 የቻይና ንግድ ሚኒስቴርና ሌሎች መሥሪያ ቤቶች፣ ሆቴሎች ‹የውጭ እንግዳ ለማስተናገድ ብቃት የለንም› በሚል ምክንያት ማንንም እንዳይመልሱ መመሪያ አውጥተዋል። ይህንን አስቀድሜ አውቅ ስለነበር ጽሑፉን በቻይንኛ ከስልኬ አውጥቼ ሰጠኋት። እስከ መጨረሻው በጨዋነት አነበበችው፣ ስልኩን በሁለት እጇ መለሰችልኝ፣ ከዚያም ኮምፒውተሯ የቻይናን መታወቂያ ካርድ ብቻ እንደሚያነብና የፓስፖርት መረጃ አስገብታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ማዶ ባለው ሆቴልም ያገኘሁት መልስ ይኸው ነበር። መመሪያው ቤጂንግ ላይ እውነት መሆኑን አልጠራጠርም።

የሙሽራው አባት መኪና ይዘው መጡ። በእኛ ልማድ አባባ እንደምንል፣ እዚያም የጓደኛ አባት ሹሹ ይባላል፤ እኔም እንዲሁ ነበር የምጠራቸው። ‹‹ልጄ፣ ቤት እያለን ሆቴል ምን ያደርግልሃል!›› ብለው ሻንጣዬን ጫኑት። ግቢያቸው ውስጥ የተቀጠሩት ምግብ አብሳዮች ለነገው ድግስ እሳት ያነዳሉ፣ ክብ ጠረጴዛዎች ይደረደራሉ፣ በበሩ ላይ የድርብ ደስታ ምልክት በቀይ ወረቀት ይለጠፋል። ችግሩ ያለው ሕጉ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2013 ጀምሮ በሚሠራበት የመግቢያና መውጫ ሕግ መሠረት፣ ከሆቴል ውጭ የሚያድር የውጭ ዜጋ ወይም አሳዳሪው በ24 ሰዓት ውስጥ ለአካባቢው ፖሊስ ማስመዝገብ አለባቸው። ያላስመዘገበው እንግዳ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፣ እስከ 2,000 ዩዋን ሊቀጣም ይችላል። የተማሪ የመኖሪያ ፈቃድ የያዘ ሰው ደግሞ ከቅጣቱ ይልቅ በስሙ ላይ የሚመዘገበውን ነገር ይፈራል። ስለዚህ እንሂድ አልኩ፤ ሹሹም ሥራቸውን ትተው ተነሡ።

ተረኛው ፖሊስ ወጣት ነው። ፓስፖርቴን ገልብጦ ካየ በኋላ፣ የውጭ ዜጋ የሚመዘግበው ባልደረባው በዓል ላይ ስለሆነ ነገ ጠዋት እንድንመለስ ነገረን። ሹሹ መምጣታችንን የሚገልጽ አንዲት መስመር እንዲጽፍልን ለመኑት፤ እንዲህ ዓይነት ወረቀት የለም አለ። ከዚያ በኋላ የተናገረውን እስከ ዛሬ ሳስታውስ ደሜ ይፈላል፤ ሳይመዘገብ ገጠር ማደር ስለማይገባው ሆቴል ውሰዱት አለ። ሆቴል እንዳልተቀበለኝ ነገርኩት። ሆቴል መቀበል አለበት አለኝ። እንግዲያው ደውለህ ንገርልኝ ስለው የሥራ ድርሻው እንዳልሆነ መለሰልኝ። ሆቴሉ ወደ ፖሊስ፣ ፖሊሱ ወደ ሆቴል እየመራኝ፣ ልጃቸውን ነገ የሚድሩ ሰው ኮፍያቸውን በጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል። በመጨረሻ እቤታቸው እንዳድር ዝም ብሎ አለፈ፤ ጠዋት ቢሮው ሲከፈት ግን የቤቱን ባለቤት መታወቂያ፣ ሁኮው የሚባለውን የቤተሰብ መዝገብና ፓስፖርቴን ይዘን እንድንገኝ አዘዘ። ሕጉ የሰጠን ጊዜ እስከ ማግሥቱ ምሽት ነበር። ከሰዓት በኋላ መምጣት እንደምንችል ብናስረዳውም፣ ከሰዓት በኋላ ማን እንደሚኖር አላውቅም አለን።

ሙሽራውን አጅበው የሚሄዱት ሚዜዎች ጎህ ሳይቀድ ወጡ፤ እኔ ቀረሁ። ቢሮው የተከፈተው ዘግይቶ ነው። መዝጋቢው ስልክ ተደውሎለት እየተነጫነጨ መጣ፣ የኮምፒውተሩ ቅጽም የቤተሰብ ስም ካልተሞላ አላልፍም አለ። የእኔ ፓስፖርት የራሴን፣ የአባቴንና የአያቴን ስም የያዘ ነው። የቤተሰቤ ስም የትኛው እንደሆነ ሲጠይቀኝ እንዲህ ያለ ነገር የለንም አልኩት፤ ይህን በማለቴ ጉዳዩ ወደ ወረዳው የበላይ ክፍል በስልክ ተመራ። (እዚህ ላይ አጥብቄ የምመክረው ነገር አለ፤ ስለ ስማችን አሠራር ፈጽሞ አታስረዱ፣ ፓስፖርቱ በመጨረሻ ስም ቦታ ላይ የጻፈውን በጣት አሳይታችሁ ዝም በሉ።) መልሱ ሲመጣ ደግሞ የቤቱን በር ፎቶ ጠየቁ፤ ሹሹ ጎረቤት ደውለው አስነሥተው፣ መልእክትም ገንዘብም በሚላክበት የስልክ መተግበሪያ በዊቻት አስላኩ። በዚያ ሁሉ መጨረሻ የተሰጠኝ ከመዳፌ የማትበልጥ ወረቀት ናት።

ሙሽራዋ ቤት የሆነውን በቪዲዮ ብቻ አየሁት። የሙሽራዋ ጓደኞች በር ዘግተው ሚዜዎቹን እያንገላቱ፣ ከበሩ ሥር ትንንሽ ቀይ ፖስታ እስኪገባላቸው አንከፍትም ይላሉ፤ የደበቁትን የሙሽራዋን ጫማ ሙሽራው ካላገኘ አይወጣም። የእኛ የሙሽራ ወገኖችም በራፍ ላይ ቆመው ሰርገኛ አናስገባም ስለሚሉ፣ ከቀኑ ሁሉ ያለማንም አስተርጓሚ የሚገባኝ ይህ ነበር፤ ያጣሁትም እርሱን ነው።

ስለ ድግሱ የሚያስፈራ ነገር የለም። በመግቢያው ጠረጴዛ የተቀመጡ ሽማግሌ የእያንዳንዱን እንግዳ ስምና ያመጣውን ገንዘብ በመዝገብ ይጽፋሉ፤ ቤተሰቡም በሌላው ሠርግ ላይ የሚመልሰው ያንን እያየ ነው። እኔ 600 ዩዋን አስገባሁ፣ በፖስታው ጀርባም ስሜን በቻይንኛ ፊደል ጻፍኩ፤ ለተማሪ ይበቃል ባይ ነኝ። በዊቻት እልካለሁ የሚል ካለ በአንድ ቀይ ፖስታ ከ200 ዩዋን በላይ በተለመደው ቀን እንደማያልፍለት ይወቅ፤ ደግሞም ወረቀቱን በእጅ መስጠት ይከበራል። የአሳማ ሥጋ አልበላም ስላልኩ እስላም መስዬያቸው ዓሣውንና ዶሮውን ወደ እኔ ያዞሩልኝ ጀመር፤ ተዋሕዶ መሆኔን ለማስረዳት አልደከምኩም። ባይጂዩ የተባለው አረቄ ግን ከካቲካላችን የዋዛ አይደለም፤ ሙሽሮቹ ወደ ጠረጴዛችሁ ሲመጡ ቁሙ፣ ብርጭቋችሁን ከሽማግሌዎቹ ብርጭቆ ዝቅ አድርጋችሁ አጋጩ፣ መጠጡን ካልፈለጋችሁ ከመጀመሪያው ጽዋ በፊት እምቢ በሉ፤ አንዱን ጠጥቶ ሁለተኛውን እምቢ ማለት ነው የሚያስቀይመው። ሰዉ በልቶ ወዲያው ይሄዳል፤ እንደ እኛ ጭፈራ እስኪመሽ አትጠብቁ።

መመሪያው ምንም ይበል፣ የወረዳ ሆቴልን አትመኑ። ጋባዣችሁ ለሆቴሉ ደውሎ ‹ፓስፖርት ትመዘግባላችሁ ወይ?› ብሎ ይጠይቅ፤ ‹የውጭ ሰው ትቀበላላችሁ ወይ?› ብሎ ከጠየቀ ሁሉም አዎ ይላል። ቤተሰብ ዘንድ የምታድሩ ከሆነ ደግሞ ከመምጣታችሁ በፊት በነበረው የሥራ ቀን ጋባዣችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ መዝጋቢው ማን እንደሆነና መቼ እንደሚገኝ ይጠይቅ፤ በአንዳንድ ከተሞች ምዝገባው በስልክ ስለሚሞላ ያንንም ያጣራ። የፓስፖርቱን፣ የመኖሪያ ፈቃዱንና የመጨረሻውን የመግቢያ ማኅተም ቅጂ በብዛት ያዙ። የሁሉም ማምለጫ ግን በፈጣን ባቡር መስመር ላይ ባለ ትልቅ ከተማ ማደር ነው። በመጪው የፀደይ በዓል (የቻይናውያን አዲስ ዓመት) ሌላ የቤተ ሙከራ ጓደኛችን ያገባል፤ ክፍሌን የያዝኩት ቻንግሻ ነው፣ ሚዜዎቹ ጎህ ሳይቀድ ሲወጡ የሙሽራው ቤት ደጃፍ የሚያደርሰኝን መኪናም ከአሁኑ ተነጋግሬበታለሁ።